ተሸክመው ያስገቡን

ወሎ ውስጥ እገሌ ሃይማኖት ለወጠ ሲባል ማንም ግራ አይገባውም። ምልክቱ የታወቀ ነው። ስሙ ይቀየራል፣ አንገቱ ላይ ማዕተብ ይታሰራል ወይም ይበጠሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥጋ የሚበላበት ቤት ይለወጣል። እኛ ዘንድ የሰው እምነት መጀመሪያ የሚታየው ገበታ ላይ ነው። ሠርግ ሲደገስ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል፣ ወጡ በሁለት ወገን ይሠራል፣ ተጋባዡም ወዴት እንደሚገባ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሙሽሮቹ ግን ያው ናቸው፤ ጭፈራውም ያው ነው፤ ቅሬውም (ዕድራችን) ድንኳንና ወንበሩን ሲያወጣ የየትኛው ሃይማኖት ድግስ ነው ብሎ አይጠይቅም።

እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ስለ መለወጥ ሲወራ የሚታየው ድንበር መሻገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ፣ ከዚህ ወዲያ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያልተሻገረው ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና የተነሣው፣ በሥርዓቱ የሚጾመውና የሚገድፈው፣ ሲሞትም በፍትሐት የሚቀበረው፣ በመካከሉ ግን አንድም ቀን «ለመሆኑ አንተስ ገብተሃል?» ተብሎ ያልተጠየቀው የእኔ ቢጤ ክርስቲያን።

የአጎቴ ልጅ ጴንጤ ሆነ የተባለ ሰሞን ቤታቸው ለቅሶ ቤት ነበር የሚመስለው። ዘመድ ተጠራ፣ የንስሐ አባት መጡ፣ እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ምክሩ ከቀትር እስከ ማታ ቆየ። ከመካሪዎቹ አንዱ በአባታቸው ቤት ውርስ ምክንያት ከገዛ ወንድሙ ጋር ቃል ከተለዋወጠ ዓመታት አልፈውታል፤ ወንድምየው እዚያው ክፍል ውስጥ ከወዲያ ጥግ ተቀምጦ እሱም በተራው ይመክራል። ሁለቱም ልጁ ላይ ሲያፈጡ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ማንም ይህን ነገር አላነሣም። ነውርም ስለሆነ አይደለም፤ ትዝ ያለው ስላልነበረ ነው። የዚያን ቀን የጠፋው በግ አንድ ብቻ ነው ተብሎ ተቆጥሯል።

ከአጎቴ ልጅ ጋር በብዙ ነገር አንስማማም። «ጌታን የተቀበልኩት በእንዲህ ያለ ቀን፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው» ሲለኝ፣ እንደ ልደት የምስክር ወረቀት ቀን የሚጻፍበት መለወጥ ይከብደኛል። ነገር ግን ጥያቄው ተጠይቆ መልስ ሰጥቷል። እኛ ስለ ወጣው ስንጨነቅ ውስጥ የቀረነው መድረስ አለመድረሳችንን የሚጠይቀን የለም።

ቀን ያለው መለወጥማ ወሎ አይታለች። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚያ ጉባኤ አደረጉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ጉባኤውን ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው በወሎ ሙስሊሞች ላይ በወጣው የተጠመቁ አዋጅ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ መጀመሪያ እምነታችሁን ለውጡ የተባሉት ግን ክርስቲያኖች ናቸው። ካህናቱ የክርስቶስ ልደት ሁለት ነው (ከአብ፣ ከዚያም ከማርያም) ወይስ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱ ተጨምሮ ሦስት በሚል ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረው ነበርና ጉባኤው ለሁለት ልደት ፈረደ፤ የሦስት ልደት ወገኖች ያመኑበትን እንዲተዉ ታዘዙ። ቅዳሴ ሲቀድሱ የኖሩ ሰዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ከዚያ ተራው የሙስሊሞቹ ሆነ። ከወሎ ገዢዎች አንዱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ሌላው ገዢ አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ የእሳቸው ክርስትና አባት ምኒልክ ነበሩ። ሼህ ጦልሃን የመሰሉ ዑለሞች እምቢ ብለው ተነሡ፤ ከሕዝቡም ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ከረመ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ብዙዎች ወደ ቀድሞ እምነታቸው ተመለሱ።

ሚካኤል ግን አልተመለሱም። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ዐድዋ ዘመቱ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። ከዚያስ? ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ያወረደው ክስ «ሰልሟል» የሚል ሆነ። ዕለቱ መስከረም 17 ቀን 1909፣ መስቀል ነበር። በአዋጅ የተጠመቁት አባት፣ በመስለም የተከሰሰ ልጃቸውን ዙፋን ሊያስመልሱ ዘምተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከቦሩ ሜዳ እስከ ሰገሌ አርባ ዓመት አልሞላም። ክሱ ላይ የተደረደረው ጥምጥም አደረገ፣ መስጊድ ገባ፣ ከእነ እገሌ ጋር ዋለ የሚል ነበር፤ እውነት ሰልሞ ነበር ወይ በሚለው የታሪክ ሰዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ያኔም ዛሬም የሰውን ልብ የምንመዝነው በላዩ ላይ ባየነው ነው።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ሚካኤል ናቸው። አዋጁ ውሃው ድረስ አደረሳቸው፤ ዮሐንስ ከሞቱ በኋላ ግን የሚያስገድዳቸው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት ራሳቸው ናቸው የኖሩት። መለወጣቸው መቼ ነው ቢባል፣ ቦሩ ሜዳ የተጠመቁ ዕለት ነው ለማለት እቸገራለሁ።

እኛ ቤት ይህ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም። አያቴ የተሁለደሬ ሙስሊም ልጅ ናት፤ አያታችንን ስታገባ ተጠመቀች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ጌታዬ የጻፈልኝ ነው» ብላ ታልፈዋለች። ጾሟን የምትጾመው፣ ኪዳን የምታደርሰው፣ ከማናችንም በላይ ነበር። እስክትሞት ድረስ ግን ስትደነግጥ የሚወጣት «ቢስሚላሂ» ነው። ሰሃን ሲሰበር ቢስሚላሂ፣ መብረቅ ሲጮህ ቢስሚላሂ። የነፍስ አባቷ ሰምተው ይስቁና ቡናቸውን ይጠጣሉ። አንዲት ጎረቤታችን ግን «ውሃው ልቧ ድረስ አልዘለቀም» እያለች ታማት ነበር። አዋቂ ነኝ ባይ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር።

ለወንድሟ የተለየች ድስት ነበረቻት። ጆሮዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት ትንሽ የብረት ድስት፣ መደርደሪያው ላይኛው ረድፍ ላይ ተደፍታ የምትቀመጥ፤ የእኛ ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ በስሕተት የነካት ልጅ ጆሮውን ይቆነጠጣል። አያ (ወንድሟን እንዲህ ነበር የምትጠራው) ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ጎራ ሲል በዚያች ድስት ሽሮ ወይም ምስር ይሠራለታል። ዓርብ ለእኛ ጾም ስለሆነ ሌላ ወጥ አይሠራም፤ ድስቷ ትንሽ ብትሆንም ሁላችንም ከእሷ እንበላለን። ቡናው ሲፈላ መራቂው አያ ነው፣ አሚን ባዮቹ እኛ። እህቱ ከሃይማኖቱ በመውጣቷ ምን እንደሚሰማው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ያንን ይዞ ነው የሚመጣው። እሷም ያንን እያየች ነው ቡና የምትቀዳለት። ሁለቱም እምነታቸውን ቀልድ አላደረጉትም፤ ወሎ ሃይማኖት አይለይም የሚሉ የዘፈን ግጥሞች ይህን ብዙ አይነግሩንም። ይለያል እንጂ። ለይቶም አብሮ ይበላል።

አንድ ቀን፣ ልጆች ሆነን፣ በቢስሚላሂዋ ስንስቅባት ቆጣ አለች። ወደ እኔ ዞራ «ሳቅ! እኔስ በእግሬ ነው የገባሁት። አንተን ተሸክመው ነው ያስገቡህ። በእግርህ የምትገባው መቼ ነው?» አለችኝ። ያኔ ስድብ መስሎኝ ነበር የተቀየምኩት።

ተሸክመው ያስገቡን እንዴት ነው? ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ፣ ገና ሲነጋ፣ ሕፃኑ በነጭ ተጠቅልሎ ክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ይታቀፉታል። ካህኑ መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ምዕራብ ያዞሯቸዋል፤ ሰይጣን እዚያ እንዳለ ተቆጥሮ በሕፃኑ ፈንታ ይካዳል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ይዞሩና ሃይማኖት ይታመናል። ሕፃኑ ወይ ተኝቷል ወይ ያለቅሳል። መዞሩን የዞረለት ሌላ ሰው ነው፤ እግሩ መሬት አልነካም። ቀጥሎ ውሃው፣ ሜሮኑ፣ ማዕተቡ፣ ቅዱስ ቁርባኑ። ሁሉም በአንድ ጠዋት ያልቃል።

የሚገርመው ግን ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጠዋት ጨርሻለሁ አለማለቷ ነው። የዘወትር ጸሎታችን ሲጀመር፣ ገና በስመ አብ ብለን ሳንርቅ፣ «እክሕደከ ሰይጣን» እንላለን፤ በእናቴ በቅድስት ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆሜ እክድሃለሁ፣ ምስክሬም ማርያም ናት ብለን። በአርባ ቀናችን ሌላ ሰው ያለልን ቃል በየጠዋቱ አፋችን ላይ ይደረጋል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መዞሩ ከእንቅልፍ በተነሣን ቁጥር አንድ ጊዜ ይደገማል ማለት ነው። ብዙዎቻችን በቃላችን ስለያዝነው ካልሲ እየፈለግን እንጨርሰዋለን። በስልክ እየተነጋገረ የሚደግመውንም አይቻለሁ።

ቅዳሴ ላይም እንዲሁ ነው። ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን» ይላል፤ ገና ያልተጠመቃችሁ፣ ትምህርት ላይ ያላችሁ ውጡ። ማንም አይወጣም፤ ሁላችንም የተጠመቅን ነና። ከዚያ በኋላ ሲቆረብ ደግሞ አብዛኛው አይቀርብም። ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል ነገር አልፈነው ኖረናል፤ እኔ ግን የነገራችን ሁሉ እምብርት ይመስለኛል። ማን ነው የሚቆርበው? ሕፃናት በእናቶቻቸው እቅፍ፤ አረጋውያን በምርኩዝ። በመካከል ያለው፣ ነግዶ የሚያተርፈው፣ ቢሮ ውስጥ ፊርማ የሚፈርመው፣ ሚስቱን የሚያስለቅሰው፣ ልጁን የሚያሳድገው፣ ሰው ሊበድል የሚችልበት ጉልበትና ሥልጣን በእጁ ያለው ክርስቲያን ከኋላ ቆሞ ያያል። «ስንሸመግል እንቆርባለን» ይባላል። ንስሐውም አብሮ ለሽምግልና ይቀጠራል።

ፍርሃቱን አላቃልለውም። «ቆርቤ ብበድልስ?» የሚለው ሰው ቁርባኑን ስለሚያከብር ነው የሚፈራው። ነገር ግን ልጅ ሆነን ያልበደልነውን፣ ስንሸመግልም መበደል ያቃተንን ይዘን ስንቀርብ፣ መካከሉ ላይ ያለው ሕይወት በሙሉ ካህን ሳያየው ይቀራል። የንስሐ አባት አለን፤ በዓመት በዓል ይመጣሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ይባርካሉ፣ ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፣ ይሸኛሉ። «ልጄ፣ ነገርህ እንዴት ነው?» ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ አብዛኛው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርባችን ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያፈራ ገዳም። መነኩሴ ሲመነኩስ የሙት ጸሎት፣ ፍትሐት፣ ቁሞ ሳለ ይደረስለታል፤ ለዓለም ሞቷልና። እኛ ይህን እያየን «እውነተኛ ክርስትና ያ ነው» ብለን እንሳለማለን፣ ተሳልመንም ወደ ቤታችን እንገባለን። ከመነኮሳቱ ጋር የምንጋራው ነገር ያለ አይመስለንም። መነኩሴውም ግን ፍትሐቱ በተደረሰ ማግሥት ተነሥቶ ከጎረቤቱ መነኩሴ ጋር ይጋጫል፤ የአበው ታሪክ በዚህ የተሞላ ነው። ለእሱም የሚቀረው ነገው ነው።

ሐዲስ ኪዳን ውስጥ መለወጥ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰን ሳውል ነው። የደማስቆ መንገድ፣ ብርሃኑ፣ መውደቁ። ለሰባኪ ይመቻል። እኔን ግን የበለጠ የሚነካኝ ኒቆዲሞስ ነው፤ በዐቢይ ጾም ሰባተኛው እሑድ በስሙ የተጠራለት። ሌሊት መጥቶ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ይወለዳል ብሎ የጠየቀው አረማዊ አልነበረም፤ የእስራኤል መምህር ነበር። ጴጥሮስም እንዲሁ። ጌታ «አንተም በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና» ያለው ለማን ነው? መረቡን ትቶ ለተከተለው፣ በባሕር ላይ ለተራመደው፣ በዚያችው ምሽት አብሮት ማዕድ ለቀረበው ደቀ መዝሙር ነው። ከዚያ በላይ ውስጥ መሆን ምን አለ? ሆኖም ገና ሊመለስ ነበር፤ ዶሮው አልጮኸም።

ይህ ሁሉ ንግግር ሥጋ ለብሶ ያየሁት ግን ሰኞ ገበያ ነው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እሑድን የማያስታጉሉ፣ ማኅበር የሚጠጡ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ሲዋጣ ቀድመው የሚሰጡ ሰው ናቸው። ሁለት ጣሳ ነበረቻቸው። ከገበሬ የሚገዙባትን ጣሳ ቂጧን በመዶሻ ወደ ውጭ ቀጥቅጠው አስፍተዋታል፤ የሚሸጡባትን ደግሞ ወደ ውስጥ። ከላይ ሲያዩአቸው መንትያ ናቸው። ሲገዙ ቆልለው፣ ሲሸጡ በእጃቸው ጠርገው። ይህን እንደ ኃጢአት አይቆጥሩትም ነበር፤ ንግድ ነው። ንስሐ ሲገቡ የሚናገሩት ጾም ስለ መግደፋቸውና ስለ ጉርምስናቸው ዘመን ነበር።

አንድ የጾም ወራት የንስሐ አባታቸው ስለ ዘኬዎስ ካነበቡላቸው በኋላ «ለመሆኑ የምትሰፍርበት ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። ካህኑ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ የሚያውቁት ነገር ነበር። ጋሼ ሁለቱን ጣሳ በፌስታል ይዘው ሄዱ። ካህኑ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው ብዙ ሰዓት ምንም አላሉም። ዘኬዎስ ለበደላቸው አራት እጥፍ መለሰ፤ ጋሼ ግን ለማን ይመልሱ? ከኩታበርም ከየትም የመጣ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ስሙን የማያውቁት ገበሬ ነው። ቀኖናው እንዲህ ሆነ፤ ሁለቱም ጣሳ ይጣሉ፤ በቀሪው ዘመናቸው በአንድ ደህና ጣሳ ይግዙ፣ በዚያው ይሽጡ፣ ሲሸጡም ምርቃት ይጨምሩ።

«ስግደት ቢያዙኝ ይቀለኝ ነበር» አሉኝ። «ሺህም ይሁን፣ ሰግጄ እገላገለው ነበር። ይኼኛውን ግን ሱቅ በከፈትኩ ቁጥር ነው። እጄ እኮ እስካሁን ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ሳላስበው ሊጠርግ ይነሣል። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሁለት ጊዜ መለስኩት።»

ትርፋቸው ቀነሰ፤ ሚስታቸው ካህኑን ለጥቂት ወራት በደንብ ሰላም አላሏቸውም። ከሁሉ የሚያስቀው ገበሬዎቹ ናቸው። በዚያ ሰሞን አንዱ የኩታበር ሰው ማሽላ ይዞ መጣ። ጋሼ በአዲሷ ጣሳ ሰፍረው ሲጨርሱ ቁጥሩ ሰውየው ቤቱ ሆኖ ካሰበው በለጠ። የቆጠሩለትን ብር አየ፣ ጣሳዋን አየ፣ ተቀብሎ ገልብጦ ቂጧን አየ። «ምን አስበው ነው አያ?» አላቸው። ምንም ቢሉት አላመናቸውም። በሚቀጥለው ሰኞ እህሉን ያራገፈው ከጎናቸው ያለው ሱቅ ነው፤ እዚያ ደግሞ አሁንም በሁለት ጣሳ ነው የሚሰፈረው።